ሰማይን ያዳመጠው የኮምፒውተር ክፍል

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ ደርበውልኝ፣ ምሳ አብልተው ሸኙኝ። የማሠልጠኛው ዲን ባደረጉት ንግግር በጽሕፈት መኪና እንደጀመርሁ፣ ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቢሮዎች ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠው ሰው ብዙው በእጄ እንዳለፈ ተናገሩ። ደስ አለኝ። ነገር ግን ካነሡት ሁሉ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ አዲስ ስለሆኑ አያውቁትም። የእኔ ክፍል ኮምፒውተሮች ለብዙ ዓመታት፣ ተማሪ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ድምፅ ይፈልጉ ነበር። በዚህም ነገር የተነሣ ከሥራዬ ልባረር ደርሼ ነበር። ዛሬ ቁልፉን አስረክቤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማኝ እፎይታ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የተወለድሁት ማንኩሳ ነው። የጽሕፈት ሙያ ተምሬ መጀመሪያ የተቀጠርሁት ቡሬ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ሆኜ ነው። ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ፈተና በስቴንስል እየመታሁ፣ ቀለም ከጣቴ ሳይለቅ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ኮምፒውተሮች በመኪና ተጭነው መጡ። ርእሰ መምህሩ እንዳይሰበሩ ፈርተው ከነካርቶናቸው መጋዘን አስገብተው ቆለፉባቸው። ከዚያ ያስወጧቸው የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ይበልጣል ናቸው።

መምህር ይበልጣል የአዴት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ እየተመላለሱ፣ ካርቶን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከአይጥ በቀር ማንንም እንደማያስተምር በትሕትና እየነገሩ አስፈቀዱ። ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ፊደል መምታት የምችለው እኔ ነበርሁና ባሕር ዳር ተልኬ አጭር ሥልጠና ወስጄ ተመለስሁ። ሥልጠናው ማብራትና ማጥፋት አስተማረኝ። ሙያውን የተማርሁት ከመምህር ይበልጣል ነው።

ቡሬ የበርበሬ አገር ነው። ትምህርት ቤቱ ከገበያው ብዙም አይርቅም ነበርና የበርበሬ ወራት ሲደርስ ብናኙ በመስኮት ገብቶ ኮምፒውተሮቹ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ማራገቢያውን ሲያንቀው ኮምፒውተሩ ይግልና ራሱን ያጠፋል። መምህር ይበልጣል አፍና አፍንጫቸውን በመሐረብ አስረው በብስክሌት መንፊያ ይነፉታል፤ እሱን ሲያደርጉ ክፍሉ በሙሉ ያነጥሳል። ሚሞሪውን አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርገው ያሻሉ፤ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በዚያ ብቻ ይነሣል። የፈቱትን ብሎን በጠርሙስ ክዳን እየለዩ፣ በፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራሉ፤ ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳሉ። አንዱ ታመመ ሲባሉ ከመክፈታቸው በፊት ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚነኩ በእጃቸው ጀርባ ጎኑን ይነኩታል። ተማሪውንም ምን አደረግኸው አይሉትም። ኮምፒውተሩ ዝም ከማለቱ በፊት ምን ሲያደርግ ነበር ነው የሚሉት። ይህችን ጥያቄ ከእሳቸው ወስጄ እስከ ጡረታዬ ድረስ ተጠቅሜባታለሁ። እንዲህ ሲጠየቅ የሚዋሽ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

አንድ ክረምት ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ አዲስ ወሬ ይዘው መጡ። ባሕር ማዶ ሰማይን የሚያዳምጥ ትልቅ አንቴና አለ፤ የሚቀዳው ድምፅ ለባለቤቶቹ ኮምፒውተሮች ስለሚበዛባቸው በትንንሽ ቁራሽ ተከፋፍሎ በዓለም ሁሉ ላሉ ፈቃደኞች ይላካል። የፈቃደኛው ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ ቁራሹን ይመረምራል፣ ውጤቱን ይልካል፣ ሌላ ይቀበላል። ይህን ሲነግሩኝ አልገባኝም። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሬዲዮ ከፍተው በሁለት ጣቢያዎች መካከል አቆሙት። ሬዲዮው ሹ ሲል፣ ሰማይም ባብዛኛው የሚለው ይህንኑ እንደሆነ፣ የሚፈለገው ግን በዚህ መሐል ሆን ብሎ የሚያፏጭ መኖር አለመኖሩ እንደሆነ አስረዱኝ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጥሩዬ፣ እኛ ከውጭ የመጣ ስንቀበል ነው የኖርነው» አሉኝ። «እነዚህም ኮምፒውተሮች በእርዳታ የመጡ ናቸው። ይኼ ግን እኛ የምንሰጠው ነው። የቡሬ ኮምፒውተር ከማንም ኮምፒውተር ጋር እኩል ተሰልፎ ይሠራል።»

ርእሰ መምህሩን አብረን ሄደን ጠየቅናቸው፤ ትምህርቱን እስካልነካ ድረስ ግድ የለም አሉ። በይነመረብ የሚገባው በስልክ መስመር ስለነበር ዓርብ ከሰዓት፣ ቢሮዎቹ ስልኩን ሲለቁልን፣ ያለቀውን ልከን አዲስ ቁራሽ እንቀበላለን። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ስለሆኑ አንዱን ቁራሽ ለመጨረስ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ሲሠሩ ስክሪኑ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሹል ሹል መስመር ይወጣና ይወርዳል። አንድ የገበያ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ገበሬ በመስኮት አይተው የየትኛው አገር ተራራ ነው ብለው ጠየቁኝ። ተማሪዎቹም ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ሳይሰጡኝ ተገኘ ወይ ይሉኛል። አልተገኘም እላለሁ። ከጊዜ በኋላ መልሱን አውቀውት እንኳ መጠየቁን አልተዉም።

ወደ ፍኖተ ሰላም የተዛወርሁት በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነው። የገባሁበት የሙያ ማሠልጠኛ ከቡሬ የተሻሉ ኮምፒውተሮች ነበሩት። በጊዜው የነበሩትን ዲን አስፈቅጄ፣ መምህር ይበልጣል አንድ ቅዳሜ መጥተው አብረን ሰማይ የሚያዳምጠውን ፕሮግራም አስገባን። ብዙ ሳይቆዩ እሳቸው ጡረታ ወጥተው አዴት ገቡ። እኔ ቀጠልሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ስለ ሰማይ ብዙም አላስብም ነበር። እሳቸው የጀመሩት ነገር በእኔ እጅ እንዲቆም አልፈልግም፤ እሱ ነው።

ከዚያ አዲስ ዲን መጡ፤ አቶ ሙሉነህ። ቁጡ ናቸው እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለተማሪ ግን አንጀታቸው አይችልም። ፕሮግራሙን አንድ ሁለት ጊዜ አይተው ፊታቸውን አኮሳትረው አለፉ።

የብቃት ምዘናው በቀረበበት ሰሞን፣ ጠዋት ላይ ነው፣ ጠፍቶ የቆየው መብራት መጣ። ተማሪዎቹ ለምዘናው የሚያቀርቡትን ሥራ ሊጨርሱ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከግቢው ማዶ የእንጨት ሥራው ክፍል ማሽን ድምፅ ተሰማ። ወዲያው አምፖሎቹ ዓይን እስኪወጉ ድረስ በሩ። ስታቢላይዘሮቹ አንድ ባንድ ጧ ጧ አሉ፤ ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ጭስ ወጣ። ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁት፤ ግን ረፍዷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተቃጥለዋል። ከእነሱም የአንዳንዶቹ ሃርድ ዲስክ አብሮ ስለሄደ የተማሪዎቹ ሥራ ጠፋ። ከሰከላና ከየገጠሩ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች ናቸው። አንዲቱ ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንባ ሳታወጣ፣ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ቆማ ቀረች። እኔም አጠገቧ ቆምሁ።

አቶ ሙሉነህ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት የተጎዳ ሰው መኖሩን ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው ኮምፒውተሮቹ ቀንም ሌትም ሳያርፉ ሲሠሩ እንደነበር እውነት ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። የመንግሥት ንብረት የማይታይ ፍጡር ሲፈልግ ነደደ ማለት ነው አሉ። ቁልፉን ተቀበሉኝ። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ እስከዚያ ቤትሽ ቆዪ ተባልሁ።

እነዚያን ቀናት አልወዳቸውም። ቤት ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ስለ እንጀራዬ ብቻ አልነበረም። ነገሩ በእርግጥ በፕሮግራሙ ቢሆንስ እላለሁ። ሙቀት ኮምፒውተር እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ማራገቢያውን በየጊዜው አጸዳለሁ፣ ጎናቸውን እነካለሁ፣ ግለው አያውቁም። ግን ያን ያህል ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሲነድ ያየ ሰው በራሱ እውቀት መተማመኑ ይቀራል። የዚያች ልጅ ፊት ደግሞ ከፊቴ አልጠፋም።

ለመምህር ይበልጣል አልደወልሁላቸውም። ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ እኔን በጠራበት ቀን ከአዴት በባሕር ዳር ዞረው፣ በዱላ እየተደገፉ በሩ ላይ ደረሱ። ኮሚቴው ውስጥ አቶ ሙሉነህ፣ ከመምህራን ተወካዮች፣ ከኅብረተሰቡ ደግሞ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የሚባሉ የቅኔ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። መምህር ይበልጣል ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም። ፕሮግራሙን ያመጣሁትም፣ ያስተማርኋትም እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነ በእኔ ይጻፍ አሉ። አቶ ሙሉነህ በአክብሮት ሰምተዋቸው፣ እርስዎ የዚህ ቤት ሠራተኛ ስላልሆኑ የምንጽፍብዎ ነገር የለም አሏቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ያልጋነሽ ገባች። ያልጋነሽ የዲኑ ጸሐፊ ናት፤ ጓደኛዬም ናት፤ ሆኖም ከቃጠሎው ወዲህ ሸሽታኝ ነበር። ማንም አልጠራትም። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«ፎቶ ኮፒውም ተቃጥሏል» አለች።

አቶ ሙሉነህ መቼ አሏት።

«በዚያው ጠዋት ነው፤ በዚያችው ሰዓት። እጠየቃለሁ ብዬ ፈርቼ ልብሱን አልብሼ፣ ለመጣው ሁሉ ቀለም የለውም እያልሁ ነው የቆየሁ።» ዓይኗን ወደ እኔ መለስ አደረገች። «እሱ ደግሞ ሰማይ አይፈልግም።»

መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ ሙሉነህ አልሳቁም፤ ግን ከመብራት ኃይል ባለሙያ ይጠራ አሉ። ባለሙያው በዚያው ቀን ከሰዓት መጥቶ የመግቢያውን ሳጥን ሲከፍተው ኃይሉን በልኩ የሚይዘው፣ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ከማሰሪያው ላልቶ፣ ጫፉ ከስሎ ተገኘ። የእንጨት ሥራው ማሽን ሲነሣ ወደ እኛ ክፍልና ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ የሚገባው ኃይል ከልኩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወጣ ነበር። እንኳን ኮምፒውተር፣ ሌላም ነገር አይችለውም አለ። በመለኪያው አሳየን። ሁላችንም ከበን አየን። እኔ ቁጥሩን ሳይሆን የመምህር ይበልጣልን እጅ ነው የማየው፤ ዱላቸው ላይ የተጨበጠው እጅ ሲላላ አየሁት። እኔም የግቢው ግንብ ላይ ተቀመጥሁ።

ያልጋነሽን በኋላ አቀፍኋት። ለምን ዘገየሽ አላልኋትም። እሷም ቤቷን፣ ልጆቿን አስባ ነው። የሚደንቀኝ መፍራቷ አይደለም፤ መምጣቷ ነው።

አቶ ሙሉነህ ቁልፉን የመለሱልኝ በሠራተኛው ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። የተቆጣሁት በልጆቹ ምክንያት ነው፣ አንቺን ግን በድያለሁ አሉኝ። ከቡሬ ትምህርት ቤት የተወሰኑ ኮምፒውተሮች በውሰት መጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ጭምር እየከፈትሁ ልጆቹ ሥራቸውን እንደገና ሠሩ፤ ምዘናውም ወደሚቀጥለው ዙር ተዛወረላቸው። ያች ቦርሳዋን አቅፋ የቆመችውም ልጅ ተመዝና አለፈች። ውጤቷን ልትነግረኝ ስትመጣ ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርሁ የምስቀው።

የቀረው የፕሮግራሙ ጉዳይ ነው። አቶ ሙሉነህ ኮምፒውተሮቹ ሲሟሉ ልትመልሺው ትችያለሽ ለማለት ደርሰው ነበር፤ ግን ወላጆች የባዕድ እምነት ነው ይሉ ይሆን ብለው ሰጉና መሪጌታን አማከሯቸው። መሪጌታ ክፍሌ ድረስ መጡ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይጠራል ወይስ ይሰማል?» አሉኝ።

«መስማት ብቻ ነው አባቴ። አንቱም እንደሚያዩት አፍ የለውም» አልኋቸው።

እሳቸውም «ሰማይ ሲጻፍ መጀመሪያ 'ሰማ' ብሎ ነው የሚጀምር» አሉ። «ከተሰማ አይቀር በደንብ ይሰማ።» ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ የተናገረኝ ሰው የለም።

ከቃጠሎው በኋላ ፕሮግራሙን ስመልሰው ከግማሽ ጉልበት በላይ እንዳይጠቀም፣ በቀትር ሙቀት ደግሞ እንዲያርፍ አድርጌ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሲመጡ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ኮምፒውተሮቹ ታደሱ፣ ድሮ ቀናት ይፈጅ የነበረው ቁራሽ በሰዓታት ያልቅ ጀመር። ዲኖች ተቀያየሩ። እኔም ሳላውቀው መጀመሪያ ለመምህር ስል የያዝሁት ነገር የራሴ ሆነ። ጠዋት ስገባ ያለቀውን አይቼ ካልሆነ ሥራ አልጀምርም።

ከዚያ አንድ ቀን ከአንቴናው ባለቤቶች መልእክት መጣ። ከእንግዲህ አዲስ ቁራሽ እንደማይልኩ፣ እስካሁን የተሰበሰበውን ለማጥናት እንደሚቀመጡ ገልጸው ፈቃደኞችን ሁሉ አመስግነዋል። ከሌላ ዓለም መጣ የሚባል ድምፅ አልተገኘም። ለራሴ ብዙም አልከፋኝ። የከበደኝ ለመምህር ይበልጣል መንገሩ ነው። በስልክ የምነግራቸው ነገር ስላልመሰለኝ ቅዳሜ ተነሥቼ አዴት ሄድሁ።

ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን የጤናውን፣ የልጁን ሁሉ ከተጠያየቅን በኋላ ፊታቸውን ላለማየት መሬት መሬት እያየሁ ነገርኋቸው። ሥራው ቆሟል፣ የተገኘም የለም አልሁ። የተቀበልነውን ቁራሽ ሁሉ መልሰናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የተቃጠሉት ላይ የነበረውን ባለቤቶቹ ለሌላ ፈቃደኛ ሰጥተውታል፤ ከዚያ ውጭ ያልመለስነው የለም አልኋቸው።

«ልጅ ሆኜ በሬ ጠፍቶብን ነበር» አሉ። «የአገሩ ሰው አቅጣጫ ተከፋፍሎ ወጣ። ማታ ሲመለሱ፣ 'በእኔ በኩል የለም' ያለውንም ሁሉ አባቴ አመስግነው እራት አበሉት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ያ ሰው ሄዶ ባያይ፣ በዚያ ወገን ይኖር ይሆን የሚል ጥርጣሬ ልባችን ውስጥ ይቀር ነበር። እኛም ሄደን አይተናል፤ በእኛ በኩል የለም። ማንም ከእንግዲህ ለዚያ ድርሻ መድከም የለበትም።»

እንባዬ መጣ፤ እሳቸው አላዩትም። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቃጠሎው ወዲህ ይህን ነገር ተዪው ልልሽ እያልሁ፣ በእኔ ምክንያት ዳግመኛ መከራ እንዳይደርስብሽ እየሰጋሁ፣ ግን እንዳይከፋሽ እያፈርሁ ነው የኖርሁ አሉኝ። እኔም እንዳይከፋዎ ብዬ ነበር መጀመሪያ የያዝሁት አልኋቸው። ኋላ ግን ለራሴ ነው አልሁ። በረጅሙ ተነፈሱና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው ምን አገኛችሁ ሲሉን ሳቃችን ባሰ። ምሳ ቀረበ፤ እስከ መኪና ሰዓት ድረስ ስለ ሰማይ አንድ ቃል ሳናነሣ ስንጫወት ዋልን።

ሰኞ ክፍሌ ገብቼ ፕሮግራሙን ከየኮምፒውተሩ አነሣሁት። የመጨረሻውን ስጨርስ ያልጋነሽ በበሩ አንገቷን አስገብታ፣ ምን አግኝተሽ ነው ዛሬ ፊትሽ የበራው አለችኝ። አንድ የቆየ ሥራ ጨርሼ ነው አልኋትና ተማሪዎቹን ግቡ አልሁ።